የዘጠኙ ዓሦች አዲስ ገንዳ

ባለቤቴ ካምፓላ ውስጥ፣ ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አላት። እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። በምግብ ቤቷ ጥግ ያለው የጨው ውሃ አኳሪየም ግን የእኔ ነው። አራት ዓሣ በሚበቃው ገንዳ ውስጥ ዘጠኝ አጭቄበት ነበር። ከሞምባሳ ዓሣ የሚያስመጡት ሽማግሌ አዲስ መጣ ብለው በደወሉ ቁጥር ለማየት ብቻ ብዬ እሄዳለሁ፤ ባዶ እጄን ግን ተመልሼ አላውቅም።

ኮሮና ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ምግብ ቤቱ ጭር አለ። ባለቤቴ ግን በየቀኑ በሩን ትከፍታለች፣ ትንሽ ወጥ ትሠራለች፣ ንጹሑን ጠረጴዛ ትወለውላለች። በዚያው ሰሞን የገንዳው ውሃ ይደፈርስ ጀመር። ብቀይረውም በሁለተኛው ቀን ያው ነው። ትልቁ ቢጫ ዓሣ ሌሎቹን እያሳደደ መንከስ ያዘ። ነጭ መስመር ያላት ብርቱካናማዋ ትንሽ ዓሣ ክንፏ ተቦጭቆ ከፓምፑ ጀርባ ተወሽቃ ቀረች። ባለቤቴ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እሷን ነው። እንዳትሞትባት ፈራሁ፤ በዚያ ላይ ሌላ ሐዘን እንዲጨመርባት አልፈለግሁም።

ስለዚህ ትልቅ ገንዳ ልንመርጥ አብረን ወደ ሽማግሌው ሱቅ፣ ወደ ፖርት ቤል መንገድ ሄድን። ሁለት ነበራቸው። አንዱ ጠባብና ቁመታም፣ ዓይን የሚስብ። ሌላው ዝቅ ብሎ እንደ አግዳሚ ወንበር የተጋደመ፣ አንድም የሚያምር ነገር የሌለው። ልቤ ወዲያው ወደ ቁመታሙ ሄደ። ቦታ አይፈጅም፣ ደንበኛ ሲመለስም ቤቱን ያሳምረዋል አልኩ። ሽማግሌው ፊታቸውን አጨማደዱ። ዓሣ የሚሮጠው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይደለም፤ ውሃውም አየር የሚያገኘው ከላይ ባለው ስፋቱ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ቁመታሙ ውስጥ ቶሎ ይታፈናሉ ብለው በእንግሊዝኛ አስረዱኝ።

ቀጥለው፣ ውሃ የሚያደፈርሰው ተርፎ የሚበሰብስ ምግብ ነው ብለው ስለ አመጋገባቸው ጠየቁኝ። በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ ቆንጠር አድርጌ ብቻ ነው አልኳቸው፤ በኩራት። እንደዚያ ከሆነ ውሃው በሁለት ቀን አይደፈርስም አሉ። ባለቤቴ ሻሿን ስታስተካክል ቆየችና በአማርኛ፣

‹‹እኔም አበላቸዋለሁ›› አለችኝ። ‹‹ምሳ ሰዓት ላይ።››

ወደ እሷ ዞርኩ።

‹‹ምን ላድርግ? በዚያ ሰዓት ከእነሱ በቀር ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። መስታወቱ ጋ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱ እንዴት ዝም ብዬ ልለፋቸው?››

ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ እንደምትጨምርላቸው ቀስ በቀስ አወጣችው። ሰው ጠገብኩ እያለ እንኳ አንድ ጭልፋ ሳትጨምር የማትለቅ ሴት ናት፤ ዓሣ ደግሞ ጠገብኩ አይልም። ልቆጣ ብዬ አልቻልኩም። አንጀቴን በላችው። አንድ ቤት እየኖርን ያን ያህል ብቻዋን እንደነበረች አላወቅሁም።

ለረጅሙ ገንዳ የሚሆን ቦታ ያለው በመስኮቱ በኩል፣ ስምንት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚበላበት ትልቁ ጠረጴዛ ጋ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው የቤቷ ኩራት ነው። አንሺው ማለት ስላልደፈርኩ ቁመታሙን እንውሰድ ልል ስል ቀደመችኝ።

‹‹ረጅሙን ነው የምንወስደው። ጠረጴዛው ይነሳ። እነሱም እንግዶቼ ናቸው፤ ተደራርቦ የሚበላ እንግዳ ደግሞ አይቼ አላውቅም።››

በፒክአፕ አመጣነው። የባሕር ጨው በውሃ በጥብጠን፣ ሽማግሌው አሁን ይሆናል እስኪሉን ጠብቀን ዘጠኙንም አዛወርን። ቢጫው ከዳር ዳር ሲመላለስ ጠቡን ረሳው። እኔ ጠዋት ማብላቱን ተውኩላት፤ በቀን አንዴ፣ ምሳ ሰዓት፣ በእሷ እጅ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የመሣሪያ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል ትንሿ ዓሣ ከድንጋይ ጀርባ ወጥታ ፍርፋሪ ጎረሰች። ባለቤቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ደስታዋ እኔንም ደስ አሰኘኝ። እጇ እንደገና ወደ ምግቡ ጣሳ ሲሄድ አየሁት፤ ደግነቱ መለሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

‹‹አንተስ፣ ምሳ በልተሃል?›› አለችኝ።

ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ምሳ አብሬያት በልቼ አላውቅም ነበር። አልበላሁም አልኳትና ሳጥኔን መሬት አስቀመጥኩ።