ጥንቸሏ እናቴን ያሳቀችበት ቀን
ዛሬ ጠዋት አሰላ ጭጋግ ለብሳ፣ የልጅ ልጄ ጥንቸሏን የካሮት ቅጠል ስታጎርስ አየሁና በሐሳብ ወደ ደርግ ዘመን ተመለስኩ።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ የሚያሳድጋትን ጥንቸል አደራ ሰጠኝ። "ጎመንና ካሮት በልክ ስጫት፤ የድንች ቅጠል ግን እንዳታቀምሻት" አለኝ።

(እሱ ምን እንደሚበላ ግን የነገረን አልነበረም።)

ከሄደ በኋላ እናቴ ሳቅ ረሳች። አንድ ቀን ጥንቸሏም መብላት አቆመች።

"ካሮቱ በዝቶባት ይሆናል" አለችና እናቴ ነጠላዋ ላይ አስቀምጣ ደረቅ ሣር ስታቀርብላት ዋለች።

አመሻሽ ላይ ጥንቸሏ ሣሩን ትታ የነጠላውን ጥለት ማኘክ ጀመረች።

"ኧረ ነጠላዬን በላችው!" ብላ እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ወንድሜ በኋላ በሰላም ተመለሰ። እኔ ግን እስከ ዛሬ በሕልሜ የምሰማው ያንን ሳቅ ነው።

እናንተስ፣ በዚያ ዘመን ቤታችሁን ያሳቀ እንስሳ ነበር?