የእትዬ ጥሩ ዕጣ ሲፈርስ

ሐሙስ፣ ከንፋስ መውጫ ቁልቁል

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት መምህር ወዳጄን ላግዝ ነው። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ያስተምራል፤ ስለ ፍትሐዊ ጨዋታ የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ለተማሪዎቹ ወደ አማርኛ መመለስ ቢያቅተው ጠራኝ። እንግሊዞች ደንብ ሲጣስ፣ የሚወዱትን የዱላና የኳስ ጨዋታ ጠርተው፣ «ይህ ክሪኬት አይደለም» ይላሉ። የዓለምን እኩሌታ ሲወስዱ ምን ይሉ እንደነበር የተማሪዎቹ መጽሐፍ አይነግረንም። ዕድል ይስተካከል ለማለት ደግሞ «ሜዳው ይደልደል» ነው አባባላቸው። ሚኒባሳችን ኮረኮንቹን እየተንገጫገጨ ሲወርድ ከገደል በቀር የሚታይ አልነበረም። የሚደለደለው የቱ ነው እያልኩ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ዓርብ ረፋድ፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ

ገበያተኛው በእግርም በአህያም ወደ ከተማ ሲጎርፍ እኔ ወደ ማሳዎቹ ወጣሁ። አንዲት ሴት ከአጨዳ የተረፈ የገብስ ዛላ ቀጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አየሁ። ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ቄስ ጠሩኝ።

«እንግዳው፣ ዕጣ ይጣሉልን። እርስዎ ምልክቱ የማን እንደሆነ አያውቁም።»

ቅድም ያየኋቸው ሴት፣ እትዬ ጥሩ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከደሴ ጋር የአባታቸውን ሁለት ማሳ ሊካፈሉ ነው። አንዱ ምንጭ ዳር ነው፣ በዓመት ሁለቴ ይዘራል፤ ሌላው ጭንጫ ነው። ሁለቱም ጠባብ ስለሆኑ ዳግም ቢከፈሉ በሬ አያዞሩም። ደሴ በሚስቱ በኩል መሬት አለው፤ እትዬ ጥሩ ግን ከዚህ ሌላ የላቸውም። ሁለቱም ምልክታቸውን ለቄሱ በስውር ይሰጣሉ፤ መንገደኛ ባለቤቱን ሳያውቅ በየማሳው ይጥለዋል። ቄሱ መዳፌ ላይ አንድ የፍየል በጠጥና አንድ የገብስ ዛላ አኖሩ።

ዛላውን ምንጭ ዳር ጣልኩት። ሜዳ ደለደልኩ ማለት ነው፤ ኮራሁ።

እትዬ ጥሩ ዛላውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ቅድም ስቀጥፍ አይተውኝ ነበር ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዓይኔ ወደ ነጠላቸው ቋጠሮ ሄደ።

«አይተዋል። ይፍረስ፣ አባ።»

«ተይ እትዬ፣ አንዴ ወጥቶልሻል» አለ ደሴ።

«አልወጣልኝም። ሰው ነው የሰጠኝ።»

አዲስ ምልክት ተሰጠ። ጌሾ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ አንድ አዛውንት ተጠርተው ጣሉ። ጭንጫው ለእትዬ ጥሩ ደረሰ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ግን የወንድማቸውን ጉንጭ ስመው ወደ ድርሻቸው ገቡና ድንጋይ መልቀም ጀመሩ። ላግዝ ብጠጋ፣ «እርስዎ ይረፉ፤ እጅዎ አይታመንም» አሉኝ። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ፈሊጦቹን ከወዳጄ ጋር እንደምንም ተርጉመን ቤቴ ገባሁ። ደንብ አክባሪ ሰው ወይ ፈሪ ነው፣ ወይ ደንቡ የሚጠቅመው ነው እያልኩ በየጋዜጣው ስንት ዓመት ጽፌያለሁ። እትዬ ጥሩ ከሁለቱም አይደሉም። የዚያን ጭንጫ ድንጋይ ሲለቅሙ ካየሁ ወዲህ ያንን ዓረፍተ ነገር ደግሜ የምጽፍበት ድፍረት የለኝም።