መኪናው የቆመበት መስመር

በዚህ ሰፈር ያልሠራሁት በር የለም። የተንጋደደ ካያችሁ ሌላ አናጢ የሠራው ነው። ልብስ ሰፊዋ ቤት ያሉት ሁለት አግዳሚ ወንበሮችም የእኔው እጅ ናቸው፤ ያውም ከአንድ ግንድ። ያ ግንድ እንዴት እጄ እንደገባ ባወራችሁ... እሱ ይቆይ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ነው የጀመርኩት።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የጨርቁ ብናኝ ወርቅ መስሎ ሲንሳፈፍ፣ ሰው ዓይኑን ሳይከድን ያልማል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እዚያ ነው የሚገቡት። ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ ጎዳና እንዳይውጣቸው ብላ ነው የሰበሰበቻቸው። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፣ ኋላ አሥራ አንድ ሞሉ።

እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ትሰፋለች፣ ተራ የደረሰው ልጅ አጠገቧ ቆሞ መጽሐፉን ያነባል። ከተደናቀፈ እግሯ ቀጥ ይላል። መኪናው ዝም፣ ቤቱም ዝም። ልጁ ተመልሶ ሲያስተካክል መኪናው ማንጎራጎሩን ይቀጥላል። አንዳንዴ ቃሉ ጨርቁ ላይ እየተሰፋ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ ወስዶኝ ከሆነም እንጃ። «ጋሼ፣ ማንኮራፋትዎ ከመኪናዬ በለጠ» ትለኝ ነበር።

ከልጆቹ አንዷን ዝምታ ነው የምንላት። እናቷ አውቶቡስ ጣቢያ ጠራጊ ናት፣ ሲመሻሽ ነው ቤት የምትገባው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት እየቀረች ጣቢያው ዙሪያ ከማያምሩ ሰዎች ጋር መዋል ጀምራ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሄዳ እጇን ይዛ አመጣቻት። ስድስት ወር ትንፍሽ ሳትል የሸሚዝ ቁልፍ ስትለቅም ከረመች። በሰባተኛው ወር መጽሐፍ አንስታ አነበበች። እኔ ማልቀስ የሚባል አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ብናኙ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ታዲያ አንድ ቀን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አንዲት ሴትዮ ቅጽ ይዛ መጣች። ልጅ የሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ ይመዝገብ ተብሏል፤ ያልተመዘገበ ይዘጋል። ከተዘጋ ዝምታ ወዴት እንደምትመለስ ለማንም አልጠፋውም። ልብስ ሰፊዋ ቅጹን ተቀብላ እንደ ልማዷ ለዝምታ አቀበለቻትና መርገጥ ጀመረች።

የክፍሉ ስፋት፣ የልጆቹ ብዛት፣ ንባቡ እንደ ውኃ ፈሰሰ። «የአስተማሪዋ የትምህርት ደረጃ» የሚለው ላይ ስትደርስ ልጅቱ ድምጿ ተሰበረ። መኪናውም ቆመ።

«ቀጥይ እንጂ፣ ልጄ።»

«አነበብኩት፣ እትዬ። ምን ተብሎ ይሞላል?»

ልጅቱ ለካ የእትዬን ምስጢር ታውቃለች። አንድ ቀን መጽሐፉ ላይ የሌለ ተረት ከልቧ እያወጣች ስታነብ መኪናው አልቆመም ነበር። ለማንም አልተነፈሰችም።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ጭኗ ላይ አጠፈችና ለሴትዮዋ እውነቱን ነገረቻት።

«ፊደል አልቆጠርኩም። ድምፅ ሲፈራ አውቃለሁ፤ ያኔ እግሬ ይቆማል።»

ሴትዮዋ ብዕሯን ከደነች። ብትፈርም ደስ እንደሚላት፣ ግን የሚያነብ አዋቂ ከሌለ እንደማትችል ተናገረች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጋዜጣ በብብቴ ሸጉጬ የዞርኩ ሰው ነኛ። መነጽሬን ቤት ረሳሁ አልኩ። ዝምታ ሳቀች። ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

«እናቴ ታነባለች» አለች ቀስ ብላ። «ስምንተኛ ደርሳ ነው ያቆመችው።»

ሴትዮዋ አንድ ሳምንት ሰጠችን። እናትየው አለቃዋን ለምና ፈረቃዋን ወደ ማለዳ አዛወረች፤ ከሰዓት በኋላ አግዳሚዬ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ቅጹ ላይ በአስተማሪነት እሷ ገባች፤ ሴትዮዋም ፈረመች። ልብስ ሰፊዋም ተጽፋለች፣ ከተማሪዎቹ ዝርዝር አሥራ ሁለተኛ ላይ።

አሁን ብትመጡ በዚያ ወርቃማ ብናኝ መሃል ዝምታ መኪናው ላይ ተቀምጣ ትረግጣለች፤ ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ቆማ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ስትደናቀፍ መኪናው ቀጥ ይላል። እኔ በሩ ጋ ነኝ። በሩን ማን እንደሠራው ነግሬያችኋለሁ? መነጽሬን ገና አላገኘሁትም፤ ጆሮዬ ግን እየለመደ ነው።