ቀለም አልይዝም ያለው የፀጉር አስተካካዩ ወንበር

ሠፈሩ «ንፋሲት» ነው የሚላት። አንድ ቦታ አርፋ ቁጭ ስትል ያያት የለም። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ስልክ ስታወራ ግቢውን ትዞራለች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ «የምነዳው እኔ፣ ኪሎ ሜትሩን የምትጨርሰው እሷ» እያለ ይቀልዳል። ሥራዋ ግን ከዓመሏ ጋር የሚሄድ አልነበረም። ቀለም ቀቢ ናት። መኪና ጋራዥ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ቀለም ስትረጭ ኖራ፣ ከቤቷ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ መጠለያ የራሷን ሥራ ጀመረች። ያረጀ ሚዛን፣ የስፌት መኪና፣ የሆስፒታል አልጋ፣ ብቻ ብረት የሆነውን ሁሉ ዝገቱን አራግፋ እንደ አዲስ ትቀባለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአንድ ፀጉር አስተካካይ ወንበር በጋሪ መጣላት። ከባድ የድሮ ብረት ነው፤ ለማውረድ አራት ሰው ጨረሰ። ባለቤቱ ሽማግሌ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መቀሱን አስቀምጠው፣ ፀጉር ቤቱን ለሴት ልጃቸው ሊያስረክቡ ነበር።

«ቅዳሜ ነው የምከፍተው፤ ትደርሺልኛለሽ?» አለቻት ልጅቷ።

«ቅዳሜ ቀርቶ ሐሙስ ትወስጂዋለሽ!» ምላሷ ቀደማት።

በማግስቱ የድሮውን ቀለም ፋቀች፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አነሳች፣ ፀረ ዝገቱን ቀባች። እዚያው ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ አይታ ነበር፤ «ቀለሙ ይሸፍነዋል» ብላ አለፈችው። ከሰዓት አረንጓዴውን ረጨች። መርጫውን ከእጇ ሳታስቀምጥ ቀለሙ ይሸሽ ጀመር። መደገፊያውና የክንዱ ማሳረፊያ ላይ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ተከፈቱ።

አጥባ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ፣ ረቡዕ ደግማ ረጨች። ቀዳዳዎቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ተመለሱ። ኮምፕሬሰሩ ዘይት ይተፋ እንደሆነ ብላ አየሩን መስታወት ላይ ነፋችው፤ ንጹሕ ነው። ያንኑ ቀለም ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ረጨችው፤ እንደ መስታወት ተኛ።

ሽማግሌው በየቀኑ እየመጡ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ያዩዋት ነበር። «ልጄ፣ ቀስ በቀስ እኮ…» ብለው ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

«እንቁላሉን ይተዉት አባባ! እሱ እግር እስኪያወጣ ቅዳሜ ይደርሳል። ቀለሙም ደህና ነው፣ አየሩም ደህና ነው። የታመመው ወንበርዎ ነው።»

ሐሙስ ወንበሩን እስከ ባዶ ብረቱ ገፈፈችውና ፀሐይ ላይ አወጣችው። ሰዓት ሳይሞላ ብረቱ ላብ አወጣ። በጣቷ ጠርጋ አሸተተችው፤ የፀጉር ቅባት ነው።

«አባባ፣ ይሄን ወንበር ምን ሲቀቡት ነበር?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «የማሽን ዘይት ይሸታል፣ ደንበኛ ያባርራል። ስዘጋ በተረፈው የፀጉር ቅባት እወለውለው ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት! ታዲያ ይሄ ብረት ከኔ ፀጉር በላይ ቅባት ጠግቧል!»

እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ መንከባከቤ ነበር» አሉ። ንፋሲት ውኃ ጣደች።

በፈላ ውኃና በሳሙና አጠበችው፤ ፀሐይ ላይ እያሞቀች፣ ቲነር በነካ ጨርቅ እየጠረገች፣ ጨርቁን በየጊዜው እየጣለች። እስከዚያ ድረስ በአንድ ጨርቅ ስትጠርግ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞሯ እንደነበር የገባት ያኔ ነው። ዓርብ ጠዋት አዲስ ፀረ ዝገት አለበሰችው፤ እሱ ሲደርቅ አረንጓዴውን ረጨች። አንድም ቀዳዳ የለም! ሁለት ሰዓት ቆይታ በጣቷ ነካችው፤ አይለጥፍም። ነገ ቅዳሜ ነው። ሁለተኛውን ቀለም ደረበችበት።

ቀለሙ ዓይኗ እያየ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ጥሬ ነበር። አሁን ጣት የምትቀስርበት ነገር የለም። ባልዲውን በእግሯ አሽቀነጠረችው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ባሏ ከበር ላይ።

«አንተ ደግሞ አትተርትብኝ!»

ስልክ ልትደውል አሰበችና ተወችው፤ በእግሯ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ልጅቷ መስታወት እየሰቀለች አገኘቻት።

«አልደረሰም። የመጀመሪያው ከወንበሩ ነበር፤ የዛሬው ግን የራሴ ጥፋት ነው።»

ልጅቷ መዶሻውን አስቀመጠች። «ሰው ጠርቻለሁ እኮ። በምን ላስቀምጣቸው?»

«የቤቴን ወንበር አመጣልሻለሁ። እኔ እንደሆነ አልቀመጥበት።»

ልጅቷ ተቆጥታም ቢሆን ሳቋ አመለጣት።

ቅዳሜ፣ ፀጉር ቤቱ በእንጨት ወንበር ሲከፈት፣ ንፋሲት የተሸበሸበውን ገፍፋ እንደገና ጀመረች። እሑድ የመጀመሪያውን ቀለም ረጭታ መጠለያውን ቆለፈችና ቁልፉን ለሽማግሌው ሰጠች። «ብለምንዎት እንኳ እስከ ነገ እንዳይሰጡኝ።»

አመሻሹ ላይ ደጃቸው ቆማ ነበር። «አባባ፣ በጥፍሬ ብቻ ልንካው።»

«ጥፍርሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ!»

ያን ቀን ግቢዋን ሁለቴ ጠረገች፣ የጎረቤቷንም አንዴ።

ወንበሩ ረቡዕ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባ። ሽማግሌው የሚንቀጠቀጥ መዳፋቸውን ማሳረፊያው ላይ አሳለፉና፣ «ይሄ አረንጓዴ የኔ አይደለም፤ የኔ ደብዘዝ ያለ ነበር» አሉ።

«አዲስ እያለ እንዲህ ነበር፤ ረስተውት ነው።»

ሽማግሌው መደገፊያውንም ዳሰሱት። «ይሆናል። ስገዛው እኔም ሌላ ሰው ነበርኩ።» ከዚያ ልጃቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ብረት እንዴት እንደምትረግጥ ያሳዩዋት ጀመር።

በሳምንቱ የእግር ማሳረፊያው በጫማ መጫጫሩን ሰምታ፣ ንፋሲት ብሩሽና ትንሽ ቆርቆሮ ቀለም ይዛ ከተፍ አለች። ልጅቷ ከደንበኛው ራስ ላይ ቀና ሳትል፣ «ሊረገጥ አይደል የተሠራው? ተይው» አለቻት። ሌላው ቦታ ያለው ቀለም ግን ከዚያ በኋላ ክረምቱንም በጋውንም ሳይነቃነቅ ያዘ። ያን ቀን ንፋሲት በሩ ላይ ትንሽ ቆማ አየችና ወጣች፤ ቀጣዩ ሥራዋ፣ የአንድ ዳቦ ቤት የሊጥ ማቡኪያ፣ መጠለያዋ ውስጥ ፀረ ዝገቱን ለብሶ ተኝቶ ነበር፤ እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው ደግሞ ቁልፉ ባሏ ኪስ ውስጥ ነው።