የስግድ ተረኞችና የማሽኑ ገደብ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሠራዊቱ ለእረፍት መጥታ፣ ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «ዲ ከቫር! በቃ እንግዲህ! አባ፣ ይሄ ማሽን ግማሹ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሰጠሁትን አልጀምርም ይለኛል!» ስትል ሳቄ መጣ። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ።

ከውትድርና እንደወጣሁ ሀደራ ከተማ ኢንዱስትሪ ዞን፣ አንድ የብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። እናቴ እዚያው ታች ብርቱካን ትለይ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ፣ ግቢው ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ስግድ ደርሷል፤ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች ጾመን ኢየሩሳሌም ወጥተን የምንጸልይበት በዓላችን። በዕለቱ ማን እንደሚሠራ የሚደለድለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በዋዜማው እስከ ቀትር ድልድሉን ካላወጣ ያለፈው ሳምንት ተረኞች ይቀጥላሉ። እነሱ ደግሞ እናቴና ጓደኞቿ፣ ሁሉም የኛ ሰዎች ናቸው።

ድልድሉ አልወጣ አለ። ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ የሚሠራ ስለሆነ፣ የማሽኑ ጫና ከተቀመጠለት ገደብ በታች እስኪወርድ ይጠብቃል። ገደቡ ግን አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ለነበረው ለአሮጌው ማሽን «አንድ» ተብሎ የተሰጠ ነው። አዲሱ ስምንት አለው። ሁለቱ ሲሠሩ ስድስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡም፣ ማሽኑ «ሥራ በዝቶብኛል» ይላል።

አለቃዬ ሴምዮን ገደቡን አትንካ አለኝ። «ማሽኑ ከታነቀ ማሸጊያው ይቆማል!»

በመስኮቱ ወደ ታች አሳየሁት። «ስምንት ሴቶች ቆመዋል። ሁለቱ እጃቸው ስለሞላ ለሌሎቹ ብርቱካን አትሰጥም?»

ራሱን አከከ። «ቶቭ፣ እሺ፣ ሰባት አድርገው። ከታነቀ ግን አንተን ነው የማንቀው።»

ድልድሉ ወዲያው ወጣ። የእናቴ ጓደኞች ሁሉ ነፃ ሆኑ። ሥራውን ከሚያውቁት ነባር ሴቶች አንዷ መቅረት ነበረባትና ዕጣው በእናቴ ላይ ወደቀ። ወርጄ በጆሮዋ፣ «እማ፣ የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ነው። ስምሽን ላውጣው?» አልኳት።

«በማን ልትተካኝ?»

ዝርዝሩን በዓይኔ ቃኘሁት፤ ከጓደኞቿ ሌላ ነባር ሴት አልነበረም።

«ተው ልጄ። ጎንደር ሆኜ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሬ ስሰግድ ኖሬ የለ? ከሀደራማ ቅርብ ናት!»

በበዓሉ ጾማ ሠራች። እኔም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣውን አውቶቡስ ትቼ አጠገቧ ቆሜ ብርቱካን ስለይ ዋልኩ። ማታ ጓደኞቿ የተባረከ ዳቦ ይዘውላት መጡ።

ይህን ሳወራላት ልጄ ገደቡን አስተካክላ ጨርሳለች። «አያቴን ሳትጠይቃት ዝም ብለህ አታወጣትም ነበር?» አለችኝ። ገደቡን በማንሳቴ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ እናቴን ወደ ኢየሩሳሌም ባለመላኬ ዛሬም ያንገበግበኛል። እናቴ ግን ስለዚያ ዓመት በተነሳ ቁጥር ትቆጣናለች፤ ስግድ አምልጧት እንደማያውቅ ነው የምትናገረው።