የተገለበጠው ካሜራ

የተራራ ብስክሌተኞቹ «ጦጣዋ» ነበር የሚሏት። ስድብ አይደለም፤ ሌላው ፎቶ አንሺ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቃቸው እሷ ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥላ ስለምታነሳቸው የወጣላት ስም ነው። እናቷ ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር፣ «እኔ የወለድኩት ሰው ነው!» ይላሉ።

ሥራ የጀመረችው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ» እያለች ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ስታነሳ ትውላለች። አንድ እሁድ የአክስቷ ልጅ ሊወዳደር ሲሄድ ተከትላው ተራራ ወጣች። እዚያ አንድ ብስክሌተኛ ከቋጥኝ ተወርውሮ በአናቷ ላይ አለፈ። ያነሳችው ፎቶ ሲታይ ግማሽ ጎማና ጭቃ ብቻ ሆነ። የጎደለውን ግማሽ ፍለጋ እንደወጣች ስቱዲዮውን በዚያው ረሳችው።

ቀስ በቀስ ለአንድ የስፖርት መጽሔት መሥራት ጀመረች፤ ስሟም ተጠራ። ከዚያ አንድ ማለዳ ለውድድር የሚሆን ቦታ ልትመርጥ ወጥታ እርጥብ ድንጋይ ከዳት። ካሜራዋን በግራ እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ካሜራው ተረፈ፤ እጇ ግን አልተረፈም።

«ጅማቱን ሰፍተነዋል» አላት ሐኪሙ። «ጣቶችሽ ግን እንደ ድሮው አይታዘዙሽም።»

ፎቶ ለማንሳት የሚጫኑት የካሜራ መጫኛ ቁልፍ ደግሞ በቀኝ በኩል ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቢሮ ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጧት። ሥራዋ ሌሎች ያነሱትን መምረጥ ሆነ። ሌላው ቢሆን እሰየው ይል ነበር፤ እሷን ግን የሰው ወርቅ አላደመቃትም። ጥሩ ፎቶ ባየች ቁጥር፣ «እኔ ብሆን ትንሽ ዝቅ እል ነበር» እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች።

ቤት ስትገባ ካሜራውን ታነሳና በግራ እጇ ትታገለዋለች። አንድ ቀን ንድድ ሲላት ገለበጠችው። መጫኛው ወደ ግራ ዞረ! ዕድሜዋን ሙሉ ሥራ የማታውቀው ትንሿ ጣቷ ልክ እላዩ ላይ አረፈች።

«እማዬ! እስቲ በደረጃው ሮጠሽ ውረጂልኝ!»

«በዚህ ጉልበቴ?»

እናትየው እየተነጫነጩ ወረዱ፤ ደግመው ወጡ፤ ደግመው ወረዱ። ጎረቤት በር ከፍቶ ይስቃል። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ሲያዩ እናትየው ወገባቸውን ያዙ።

«አንገቴን የቆረጥሽው በምን በደሌ ነው?»

ቀን በቀን ተለማመደች። ከመንገድ ላይ እርግብ፣ ኳስ የሚያባርር ውሻ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው እያነሳች ጣቷን አሠለጠነች። የእናቷም አንገት ውሎ አድሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ትልቁ ውድድር ሲደርስ አዘጋጁ ዘንድ ገባች።

«ገደል ላይ መልሼ አላወጣሽም» አሏት።

«እርስዎ አያወጡኝም፤ የምወጣው እኔ ነኝ። የማለፊያ ባጅ ብቻ ይስጡኝ። ፎቶው ካልረባ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ፤ ጉዳዩንም ሁለተኛ አላነሳብዎትም።»

ከመሳቢያቸው አውጥተው ባጁን ሰጧት።

በውድድሩ ቀን ገመዱን የሚይዝላት፣ ወጣቶቹ ሁሉ «ጋሼ» የሚሉት የድሮ ተራራ ወጪ ነበር። ራሷ ያሰረችውን ቋጠሮ ፈታው።

«ድገሚው።»

አሰረች፤ ፈታ። እንደገና አሰረች። ጎትቶ፣ ተንጠልጥሎበት አየና፣ «አሁን ውረጂ» አላት።

ጉም ወርዶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ብስክሌተኞች ከጉሙ ብቅ ሲሉ አመለጧት፤ ትንሿ ጣቷ በብርድ ደንዝዛለች። አንዱ ካሜራዋን አይቶ፣ «ኧረ ገልብጠሽ ይዘሽዋል!» ብሎ እየጮኸ አለፈ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አሞቀች። ቀኝ እጇ የተሰፋበት ላይ ይጠዘጥዛል።

«ላውጣሽ?» አለ ጋሼ ከላይ።

«እንዳትነካኝ!»

ከዚያ የድንጋይ መንኳኳት ሰማች። ዝላይ ስለሚወድ «ፌንጣ» የሚሉት ልጅ ነበር። ፊቱን ሳታይ፣ በድምፁ ብቻ ገምታ ተጫነች። ብስክሌቱ ጉሙን ሰንጥቆ፣ የጎማው ጭቃ እንደ ወፍ መንጋ ተበትኖ፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ በላይዋ አለፈ።

አዘጋጁ ፎቶውን ቢሮ ውስጥ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በየትኛው እጅሽ ነው ያነሳሽው?»

«በሚሠራው።»

ፎቶው በሁለት ገጽ ሙሉ ወጣ። ቀኝ እጇ ከዚያ ወዲህም አልተሻለውም፤ ስኒ እንኳ አጥብቆ መያዝ አይችልም። ወንበሯ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሷ በሚቀጥለው ሳምንት ከጋሼ ጋር ከሸለቆው ማዶ ያለውን ቀጥ ያለ ገደል ስትለካ ዋለች።