በአንሶላ ላይ ያየኋት ከተማ

በስልክ ከምልካት አጭር መልእክት በቀር ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ አጻጻፌ ቢወላገድ እንዳትታዘቡኝ።

ነገሩን ያስታወሰችኝ ልጄ ሊያ ናት። ባለፈው ሳምንት ድንች እየላጥኩ ሳለ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ውቅያኖስ ጥግ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ መርጠው ካርታዋን እንዲስሉ ታዘዋል።

«ማሚ፣ ዱ ዩ ኖው ኤኒ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ ልጅ ጥያቄዋም መልሷም በእንግሊዝኛ ነው።

«አልሄድኩም።»

«ዜን ሃው?» ታዲያ እንዴት አወቅሽ ማለቷ ነው።

ቢላዋውን አስቀምጬ ወንበር ሳብኩ። እውነቴን ነው፤ ያደግኩበትን ሰፈር እንኳ እንደዚያች ከተማ አላውቀውም።

ሚኒሶታ ስመጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ብሩክሊን ሴንተር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘሁ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ማድረቂያዎቹ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፣ በረኪናው ዓይን ያቃጥላል። እኔ ከሰው ጋር ማውራት ስለሚያሳፍረኝ ጩኸቱ ተስማምቶኝ ነበር። አንሶላ ግን ለብቻ አይታጠፍም፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የእኔን ሌላ ጫፍ የያዘችው ሉዝ የምትባል ፊሊፒናዊት ነበረች። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ሳቂታ ሴት። «ማናንግ በይኝ» አለችኝ፤ በእነሱ አገር እትዬ እንደማለት ነው። እኔን «ኢንዳይ» ትለኝ ጀመር፤ ታናሽ እህቴ እንደማለት።

ምሳዋ ሩዝና የደረቀ ዓሣ ነበር። ስታሞቀው ሽታው ኮሪደሩን ስለሚሞላ ከእኔ በቀር አብሯት የሚበላ አልነበረም። ሩዟን በእኔ ሽሮ እያጠቀሰች ትቀምስና «ጥሩ ነው፣ ኢንዳይ። ዓሣ ብቻ ነው የጎደለው» ትላለች። ሁሉም ነገር ለእሷ ዓሣ ይጎድለዋል።

ከተማዋን ያሳየችኝ በማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የተዘረጋው አንሶላ ባሕሩ ነው። ፎጣ ጠቅልላ ኮረብታ ትሠራለች፤ እዚያ ላይ የኮኮናት ዛፎችና ትምህርት ቤቱ አሉ። ከኮረብታው የሚወርደውን ወንዝ በጣቷ ትስላለች። ወንዙ ባሕሩ ጋ ሲደርስ አሸዋ ይከለክለዋል፤ ዞሮ ከባሕሩ ጎን ለጎን ጥቂት ይሄድና ነው የሚቀላቀለው። በሁለቱ መካከል እንደ ምላስ ቀጭን የሆነች አሸዋ ትቀራለች። እዚያች ላይ ጓደኛ የሌለው ካልሲ ታስቀምጥና «የእናቴ ቤት» ትለኛለች።

ከተማዋ ዳሉምፓን ትባላለች። ድሮ ከወንዙ ማዶ ነበረች አሉ። በጀልባ እየመጡ ሰው አፍነው የሚሸጡ ወንበዴዎች አቃጠሏት። የተረፉት ተሻግረው ከባሕር በቆረጡት ድንጋይ ቤተ ክርስቲያንና መጠበቂያ ማማ ሠሩ። «ከዚያ ስፔኖች መጡ፣ አሜሪካኖች መጡ፣ ጃፓኖች መጡ። ሁሉም ሄዱ። እኛ ዓሣችንን እናጠምዳለን» ብላ ትስቃለች።

ከቃጠሎው በኋላ አንድ አጥማጅ መረቡን ሲስብ የማርያም የእንጨት ምስል ወጣችለት ይባላል። ምስሏ የምትኖረው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በአንድ ቤተሰብ ቤት ነው። ጠባቂነቱ ከእናት ወደ ትልቋ ሴት ልጅ ይወርዳል። ልብሷን ያጥባሉ፣ ፀጉሯን ያበጥራሉ። በዓመት አንዴ ጀልባ ላይ ወጥታ ባሕሩን ትዞራለች። ከቤት አንስተው የሚያወጧት ግን አራት ጀልባ ቀዛፊዎች ብቻ ናቸው፤ ጠባቂዋ ራሷ እንኳ ከደጅ አታሻግራትም። በዚያን ጊዜ ጠባቂዋ የማናንግ ሉዝ እናት ነበሩ። እኔ ያደግኩት በጴንጤ ቤት ነው፤ ምስል አናውቅም።

ኅዳር ላይ፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን፣ ማናንግ ሉዝ ስልኳን በእጇ ይዛ ሥራ ገባች። ለእኛ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እነሱ ጋ የማግስቱ ንጋት። ከባድ ማዕበል ወደ ከተማዋ እየመጣ ነበር። ሕዝቡ ነፋስ የለመደ ስለሆነ እንደ ወትሮው ጣሪያውን በገመድ አስሯል። ወንዶቹ ጀልባቸውን ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል ወስደው ዛፍ ላይ ሊያስሩ ሄደዋል። ሌላው ሰው ወደ ኮረብታው ትምህርት ቤት ወጥቷል። እናቷ ግን ቤት ናቸው። ቀዛፊዎቹ ተመልሰው ምስሏን እስኪያነሱ ይጠብቃሉ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ለመነቻቸው። ቋንቋውን አልሰማም፤ ልመና ግን በየትኛውም ቋንቋ ልመና ነው። ከወዲያ ዶሮ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይንኳኳል።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ከባሕር የወጣችውን ባሕር አይወስዳትም ትላለች። እኔ ልጇ ነኝ፣ አትሰማኝም። አንቺ ንገሪያት! እንግዳ ታፍራለች» ብላ ስልኩን አፌ ላይ ደቀነችው።

እኔ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሜን ስጠየቅ የሚያልበኝ ሴት፣ «ማማ፣ ፕሊስ ጎ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ አልተሰማኝም። እናትየው ሳቁ። በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እዚያ ብርድ ነው ይላሉ፤ ምሳ በልተሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

አለቃችን በሩን ከፍቶ ሦስተኛ ፎቅ አንሶላ አልቋል አለ። ስልኩ እንደተከፈተ ማጠፍ ጀመርን። ጫፍ ከጫፍ እናገጥማለን፣ እንራራቃለን፣ እንገናኛለን። ከስልኩ የሚሰማው ነፋስ እየጮኸ መጣ። እናቷ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ማናንግ ሉዝ መለሰች። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ደጋግማ ደወለች። እኔ አንሶላዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ነገር በስልክ ይሆናል ሲሉ አምን ነበር፤ ያን ቀን ስልኩ ከድንጋይ አልተሻለም።

ከቀናት በኋላ የአክስቷ ልጅ በስልክ አግኝታ የሆነውን ነገረቻት። ገመዱ ለነፋስ ነበር፤ የመጣው ግን ውሃ ነው። ባሕሩ የአሸዋዋን ምላስ ዘልሎ ከወንዙ ጋር ተገናኘ። ቀዛፊዎቹ ለመመለስ ሞክረው መንገዱ ተቆረጠባቸው። እናቷ አልተገኙም። ምስሏን ግን እነዚያው ሰዎች ከወንዙ ወደ ላይ ርቃ፣ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ እጇ ተሰብሮ አገኟት።

ማናንግ ሉዝ ትልቋ ሴት ልጅ ናት። ምስሏን ልትጠብቅ ሥራዋን ለቀቀች።

ከሊያ ጋር ካርታውን ጨረስነው። ባሕሩን ሰማያዊ፣ ኮረብታውን አረንጓዴ ቀባችው። ቤቱን የት ላድርገው ስትለኝ አሸዋው ላይ አልኳት፤ አሁን ይኑር አይኑር አላውቅም። የማናንግ ሉዝ ስልክ ከሄደች ከሁለት ዓመት በኋላ መሥራት አቆመ። በዚያ በኩል ማዕበል መጣ በተባለ ቁጥር ካርታ ከፍቼ የዳሉምፓን ስም ያልተጻፈበትን ጠረፍ በጣቴ እከተላለሁ። ከዚያ በላይ የማደርገው የለኝም፤ ያን ጊዜም አልነበረኝም። ጸልያለሁ፣ ጸሎትም ቢሆን ለእኔ እንደዚያ ስልክ ዝም ያለበት ጊዜ ነበር።

ወደ አገሯ ስትመለስ ኤርፖርት የሸኘኋት እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ሻንጣዋ ክብደት ብቻ ስናወራ ቆየን። መግቢያው ጋ ስንደርስ አፍሬ አፍሬ አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ማናንግ፣ ማዕበሉ ተመልሶ ቢመጣ ትወጪያለሽ አይደል?»

ሻርፔን አገጬ ድረስ ሳበችልኝ።

«እናንተስ፣ ኢንዳይ፣ በረዶው ሲመጣ አገር ለቃችሁ ትወጣላችሁ?» አለችኝ።